አሐዱ ወርቅ

የአያቴ ሣጥን የተከፈተው የቆጋ ግድብ ሲሠራ፣ ከሸለቆው ስንነሣ ነው። ውኃው ይተኛበታል ተብሎ ከተለካው መሬት ውስጥ የእኛ ግቢ መሐል ለመሐል ወደቀ። 2000 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። ቆርቆሮው ወረደ፣ ማገሩ ተፈታ፣ የቀረው ዕቃ በጋሪ ወደ መራዊ ተጫነ። አያቴ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም ነበርና ሣጥኗን እስከዚያ ቀን የነካው ሰው የለም። ቁልፉ በታላቁ አጎቴ እጅ ነበር።

ከሣጥኑ የወጣውን እስከ ዛሬ በተራ መቁጠር እችላለሁ። ከላይ ለጥምቀት ብቻ የምትለብሰው ጥበብ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሁለት የቀንድ ዋንጫ፣ ከዚያ ማኅደሩ የተላጠ የብራና ዳዊት። ዳዊቱ የአያቴ አባት ነው። እሳቸው ደብተራ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቆጋ እስከ ጣና ዳር ባሉት አድባራት ማኅሌት ሲቆሙ የኖሩ። ከዳዊቱ አጠገብ በጥቁር ጨርቅ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ነበር። እናቴ በጣቷ ቢያቅታት በጥርሷ ፈታችው። አንድ ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ ወጣ። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል። ከሴትዮዋ ራስ በላይ ክር የሚያስገባ ቀዳዳ ተበስቶበታል። የትከሻዋ ጌጥ እንቁዎች ግን አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።

በዚህ ቢያበቃ አልቅሰን፣ ሣጥኑን ጋሪው ላይ ጭነን በሄድን። እኔ ግን ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የቤቱ አንባቢ ነበርኩ። ዳዊቱን ከኋላው ገለጥኩት። ባዶ በተተወው ቅጠል ላይ በቀጭን ብዕር የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ፤ «አሐዱ ወርቅ ለወለትየ»። ለልጄ አንድ ወርቅ ማለት ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩትና ተረጎምኩት።

ሁሉም መጀመሪያ ጠገራውን አየ፤ ከዚያ አጎቴን አየ። ብሩ ነጭ ነው። ኑዛዜው ወርቅ ይላል። ቁልፉን የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ቋጠሮው እናቴ እንዳሰረችው ነው» አሉ አጎቴ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ማንም «እናምንዎታለን» አላላቸውም፤ እኔም አላልኩም። እሳቸው በምትክ የተሰጣቸው መሬት ወደ ቁድሚ በኩል ነበርና ወደዚያው ሄዱ። እኛ መራዊ ገባን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ፋሲካዎች አንድ መሶብ ላይ አልተቀመጥንም። እናቴ ስማቸው ሲነሣ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

እሳቱ እንዲያ ተዳፍኖ ቢቆይ አንድ ቀን ይጠፋ ይሆናል። የቆሰቆስኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ገንዘብ የተጻፈ መጽሐፍ ስገልጥ «ወርቅ» የሚባል ሳንቲም እንደነበረ አነበብኩ። ዓፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸው ገንዘብ እንዲወጣ አዋጅ አስነግረው ብሩን ፓሪስ አሳተሙት። ከዓድዋ ማግሥት ደግሞ የ1889 ዓ.ም. ዘመን የሰፈረበት የወርቅ ሳንቲም ታተመ። ሙሉው 7 ግራም፣ አላዱ ሦስት ተኩል፣ ሩቡ ከዚያ ግማሽ ነው። መጠሪያው ሌላ አይደለም፤ ወርቅ ነው። አንድ ብር እንደምንል አንድ ወርቅ።

አሐዱ ወርቅ! መጽሐፉን ሳልዘጋ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። «የጠፋው ምን እንደሆነ አገኘሁት» አልኳት። የጠፋ ነገር መኖሩን ከዚያ በፊት ማንም በአፉ አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም። አጎቴን ሌባ ያልኩት በዚያች ስልክ ነው፤ ቃሉን ባልናገረውም።

የተማረ ሰው ግማሽ ዕውቀቱን ይዞ ሲሮጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ያየሁት በራሴ ነው። ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ፣ እዚያው ባሕር ዳር ስኖር ነገሩ አልለቀኝም። አንድ ሚያዝያ ላይ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ወርቅ ቤት ለወርቅ ቤት ዞርኩ። ወደ ውስጥ እገባለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ «ከቆጋ በኩል የመጣ፣ ረጅም፣ ጠይም ሰው የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም ሸጦ ያውቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ አስወጣኝ። አንዱ ፖሊስ ነህ ወይ አለኝ። አንዲት ሴት «ሰውየው ምንህ ነው?» ስትለኝ «አጎቴ» አልኳት፤ ከዚያ በኋላ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ዘጠነኛው ወይም ዐሥረኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ተቀምጠዋል። መንደሩ ሐጂ ይላቸዋል። ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «የተወሰደውን ትተህ የቀረውን አሳየኝ» አሉኝ። ጠገራውን ከኪሴ አወጣሁ። በጥፍራቸው ጠርዙን ዳሰሱ፤ እንቁዎቹን ቆጠሩ፤ መስታወት ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ሰሙ። ሚዛን ላይ አኖሩት፤ 27 ግራም ከምናምን። «አዲሱ 28 ይሞላል። ይኼ ሰው አንገት ላይ ኖሯል» አሉ።

ከዚያ የዳዊቱን መስመር በስልኬ ፎቶ አሳየኋቸው። ግእዝ አያነቡም፤ እኔ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ወርቅ ያለው ማነው? አማርኛው ነው ወይስ መጽሐፉ?» ብለው ጠየቁኝ። አልገባኝም። «በቁርኣን» አሉ፣ «ሱረቱል ካህፍ ላይ እነዚያ በዋሻ ያንቀላፉት ልጆች ሲነቁ ራባቸው። አንዱን ገንዘብ አስይዘው ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ ላኩት። የያዘው ምንድን ነው? ወሪቅ። ወሪቅ በዓረብኛ ወርቅ አይደለም፤ የታተመ የብር ገንዘብ ነው።» ጠገራውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እንደዚህ ያለ።»

ታሪኩን በእኛም በኩል አውቀዋለሁ። በኤፌሶን ዋሻ ያንቀላፉት ሰባቱ ልጆች በስንክሳር ነሐሴ 20 ይታሰባሉ። ዳክዮስ የሚባል አሳዳጅ ንጉሥ ሲያስጨንቃቸው ገብተው ይተኛሉ፤ ብዙ ዘመን አልፎ፣ አገሩ ክርስቲያን ሆኖ ይነቃሉ። ዳቦ ሊገዛ የወጣው ልጅ የሚከፍለው ገንዘብ ላይ የዳክዮስ መልክ ስላለ ገበያው ሁሉ የተቀበረ ሀብት አግኝተሃል ብሎ ይይዘዋል። ልጁ ሌባ አልነበረም። ገንዘቡ ያረጀው እሱ ተኝቶ ሳለ ነው። እኔ ሐጂ ፊት ቆሜ ይኼ ታሪክ ስለ አጎቴ የሚያወራ መሰለኝና ጉልበቴ ከዳኝ።

ያን ሌሊት የቃሉን ዘር ስከተል አደርኩ። ወ፣ ረ፣ ቀ የሚባሉት ሦስቱ ፊደላት በሴም ቋንቋዎች ውስጥ ብዙ ተጉዘዋል። በአካድም በዕብራይስጥም መነሻቸው አረንጓዴና ቢጫ የሚገናኙበት ቀለም ነው፤ የለጋ ቅጠል፣ የደረሰ አዝመራ ቀለም። ከቀይ ባሕር ማዶ በሳባ የድንጋይ ጽሕፈት ላይ እንደ እኛው ወርቅን ይጠሩበታል። ዳዊትም በ67ኛው መዝሙሩ የርግብን ክንፍ ሲያነሣ ግእዙ ሐመልማለ ወርቅ ይላል፤ የወርቅ ልምላሜ። ልጅ ሆኜ ስደግመው ወርቅ እንዴት ይለመልማል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ወርቅ ማለት መጀመሪያውኑ የለመለመው፣ ቢጫ የመታው ማለት ኖሯል። ዓረቦቹ ደግሞ ያንኑ ሥር ለቅጠል አደረጉት፤ ወረቅ። ቅጠሉ የሚጻፍበት ገጽ ሆነ፤ እኛም ከእነሱ ወስደን ወረቀት አልነው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ አገሩ ጠገራውን ትቶ ወረቀት ያዝ ተባለ፤ ብዙ ሰው ግን ጠገራውን ቀበረ። ወርቅና ወረቀት የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያኔ የነገረው የለም።

ይኼ ሁሉ ግን የአያቴን አባት ብዕር አይመሰክርም። ዓረቡ ብርን ወሪቅ ቢል የጎጃም ደብተራ ምን አገባው? መልሱን የሚያውቅ ግእዝ የሚያስተምር ሰው ነው። ዘጌ ውስጥ አንድ የቅኔ መምህር እንዳሉ ነገሩኝ። ዳዊቱን ከእናቴ አስመጥቼ በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ጀልባ ያዝኩ።

በሚያዝያ ማለቂያ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ መውጣት እንደማይገባኝ ማወቅ ነበረብኝ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ከኋላችን እያነሰ፣ ክብራን ገብርኤል በቀኝ እያለፈን ሳለ ነፋሱ ተነሣ። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ አንቆ ጠፋ። ነጂው ገመዱን ይስባል፣ ያስነሣል፣ ይጠፋል። ማዕበሉ ጀልባውን ከጎን መምታት ጀመረ፤ ዝናቡ ተከተለ። ከእኔ ሌላ ከገበያ የሚመለሱ የዘጌ ሰዎች ነበሩ፤ ጨው፣ ስኳር፣ የተማሪ ደብተር ይዘዋል። ዳዊቱን ከሸሚዜ ሥር አድርጌ ጎንበስ አልኩበት። ብራና ውኃ ሲነካው እንደሚሸበሸብ፣ ቀለሙም እንደሚላቀቅ አውቃለሁ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ዐየችኝና «ምንድን ነው እሱ፣ ወንድሜ?» አለች። «ዳዊት ነው» ስላት ስኳሯን ከፌስታሉ ወደ ነጠላዋ ገልብጣ ፌስታሉን ሰጠችኝ። ስኳሩ እላይዋ ላይ ሟሟ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ወረድኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለት ሰዓት ያህል ተንሳፈፍን። ሰው በእንዲያ ያለ ቦታ የሚያስበው አይታወቅም። እኔ ጠገራውን በጡጫዬ ጨብጬ ስለ ስሞች አስብ ነበር። ይኼ ብር በአገሩ ታለር ይባላል። ከዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ የዮአኪም ሸለቆ ከሚባል የብር ማዕድን ቦታ፣ ከ1520 ግድም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ በወጣው ሳንቲም ተሰየመ። ታል ሸለቆ ነው፤ ታለር የሸለቆው ማለት። ዶላር የሚባለውም ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ማርያ ትሬዛ በ1780 ሞተች፤ ሳንቲሟ ግን ያንኑ 1780 እንደያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተም ቆጋ ድረስ መጣ። የሸለቆው የተባለ ገንዘብ ከሸለቆ የተነሣ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ተገኘ።

የዚህ ሐይቅ ዳር ነጋዴ ደግሞ ወርቅን በሳንቲም አያውቀውም ነበር። አክሱማውያን ከእንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ ሳንቲም አሳትመዋል፤ የንጉሡን መልክ በእህል ዛላ መሐል አድርገው፣ ለባሕር ማዶ ንግድ እንዲሆን በግሪክኛ ጽፈው። እሱ ከቀረ በኋላ ግን እስከ ምኒልክ ድረስ ወርቅ የሚሄደው በሚዛን ነው። ወቄት ይባላል። ቃሉ ከሮማውያን ኡንኪያ፣ የአሥራ ሁለት አንድ እጅ ከሚለው ተነሥቶ፣ በግሪክና በዓረብ አፍ አልፎ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይን ሲያይ ጎንደር የሚመዘነው በዚሁ ወቄት ነበር። ታዲያ የወርቅ ኑዛዜ የሚጽፍ የዚህ አገር ደብተራ ስንት ወቄት እንደሆነ ሳይናገር አንድ ብሎ ይቆጥራል? ጀልባው ላይ ይኼን ሳስብ ልቤ መምታት ጀመረ። ወርቅ አንድ፣ ሁለት ተብሎ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ጠገራ ነው።

ሌላ ጀልባ ገመድ ጥሎ ጎትቶን ዘጌ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አዳሬን በአንድ ሰው ቤት አደረግሁ። ጠዋት በቡናው ደን መሐል ወጥቼ የኔታን አገኘኋቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ዳዊቱን ሲቀበሉኝ ተሳልመው ነው። ከፌስታሉ አውጥተው ፀሐይ ሳይነካው ጥላ ላይ ዘረጉት። ማኅደሩ ረጥቧል፤ ቅጠሎቹ ደኅና ናቸው።

«አሐዱ ወርቅ ለወለትየ» አሉ፣ ፊደሉን በጣታቸው ሳይነኩ እየተከተሉ። «ልጄ፣ ግእዝ ወርቅ ሲል ቢጫውን ማዕድን ብቻ ይመስልሃል? ገንዘብም ይለዋል። ዋጋ ይለዋል።»

«የኔታ፣ እሳቸው የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

መልስ ሳይሰጡኝ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅጠሎች ወደ ብርሃን አነሡ። እኔ ለዓመታት አንድ ወፍራም ቅጠል መስሎኝ ያለፍኩት ሁለት ነበር። በመካከሉ የጧፍ ሰም ፈስሶ አጣብቆታል። የሌሊት ማኅሌት ላይ የፈሰሰ ሰም ይሆናል። የኔታ ትንፋሻቸውን እየሰጡ፣ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ከጫፍ ጀምረው ቀስ ብለው ላጡት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። የቅኔ መምህር ናቸውና «ሰሙን እናንሣ፤ ወርቁ ይታይ» ሲሉ ቃሉ ከእሳቸው አፍ የዕለት ሥራ እንደመናገር ያህል ወጣ።

ውስጡ የደብተራው የሒሳብ ገጽ ነበር። አምስት ስድስት መስመር። አንዱ «ወሀብኩ ለጸሓፊ ፫ ወርቀ» ይላል፤ ለጸሐፊው ሦስት ወርቅ ሰጠሁ። ከሥሩ «ተሣየጥኩ ላህመ በ፬ ወርቅ» ይላል።

የኔታ ቀና አሉ። «ላም በአራት ወርቅ ገዛ» አሉ። «በዚህ አገር ላም በወርቅ የገዛ ደብተራ አይተህ ታውቃለህ?»

በምኒልኩ ሳንቲም ቢሰላ 28 ግራም ወርቅ ለአንዲት ላም ማለት ነው። በጠገራ ከሆነ አራት ብር ነው፤ የዘመኑ ሰው ዋጋ። የአያቴ አባት ብራና ላይ ሲጽፉ በግእዝ ጻፉ፤ በግእዝ ሲጽፉ ገንዘባቸውን ወርቅ አሉት። ከገበያ እስከ ጸሐፊው ደመወዝ፣ ከላሟ እስከ ልጃቸው ውርስ፣ አንዱን ቃል ነው የተጠቀሙት። ለልጃቸው የተናዘዙት አንድ ጠገራ ነበር። ልጃቸውም ክር አስገብታ አንገቷ ላይ አኖረችው፤ ኋላም በጥቁር ጨርቅ ቋጥራ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ከቋጠሮው የጎደለ የለም።

የኔታ ፊት አለቀስኩ። እሳቸው ዳዊቱን ወደ ማኅደሩ ሲመልሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሰውየው በሕይወት አለ?»

ከዘጌ በመጀመሪያው ጀልባ ተመለስኩ፤ ከመናኸሪያው ሚኒባስ ይዤ መራዊ ወረድኩ። እናቴን ይዤ ልሂድ ብዬ ነበር፤ ስነግራት ቁጭ አለችና «አንተ ቅደም፣ ያነበብከው አንተ ነህ» አለችኝ። ልክ ነበረች። በባጃጅ እስከሚወስደው ሄጄ የቀረውን በቦዩ ዳር በእግሬ ሄድኩ። የቆጋ ውኃ ዛሬ 7,000 ሄክታር ያህል ያጠጣል። በበጋ የማይታሰብ አረንጓዴ ከቦዩ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ በቆሎው ከወገብ በላይ ደርሷል። ጫፉ ላይ ቢጫ የመታው ነበር። የአያቴ ጓሮ ከዚያ ውኃ ሥር ነው።

አጎቴ የውኃ ተራቸውን እየጠበቁ መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ሲያዩኝ አልተነሡም። ጫማዬን አውልቄ እግራቸው ሥር ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። የምናገረው ሁሉ ጠፋብኝ፤ የወርቅ ቤቶቹን ዙረት ብቻ ሳላስቀር ተናገርኩ፤ ያን ከሌላ አፍ እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ዳዊቱን ገልጬ የሒሳቡን ገጽ አነበብኩላቸው።

«የላሟን ድገምልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው።

«ዳልቻዋ ናት» አሉ ወደ ቦዩ እያዩ። «እናቴ ታወራልን ነበር። አባቷ አንድ ዳልቻ ላም ገዝቶ አምጥቶ በሷ ወተት ነው ያሳደጋት። ቁመቷን፣ አንገቷን ሳይቀር ትነግረን ነበር።» ትንሽ ዝም አሉ። «በአራት ኖሯል የገዛት።»

ጠገራውን ከነጨርቁ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ፈትተው አላዩትም። የላላውን ቋጠሮ በሁለት ጣታቸው አጠበቁና ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። ከላይ በኩል የውኃ አባቱ «ተራዎ ደረሰ!» እያለ ተጣራ። ውኃው በቦዩ እየተንደረደረ ሲመጣ አጎቴ ተነሥተው አካፋውን ሰጡኝ፤ በላይኛው ትልም በኩል ግድቡን እንድከፍት አመለከቱኝ፣ ራሳቸው ወደ ታችኛው ወረዱ።